የተቀባዩ ሸክም፦ ከጠገራ ብር እስከ ዲጂታል ዋሌት

ስለ ክሪፕቶ ሲወራ የምንሰማው ስለ መግዛትና ስለ መሸጥ ነው። ስለ መቀበል የሚያወራ ብዙም የለም። «መቀበል ምን ያስተምራል? እጅ መዘርጋት ነው እንጂ» ይመስለናል። የገንዘብ ታሪክ ግን ሌላ ነው የሚነግረን።

ከጠገራ ብር እንጀምር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ በ1780 ነው። ምስሏ ያለበት ብር ግን ከሞተችም በኋላ ያንኑ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት ይዞ እየተቀረጸ በቀይ ባሕር ዙሪያ ሲዘዋወር ኖረ፤ በአገራችንም እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ዋና መገበያያ ነበር። ይህን ብር የሚቀበል ነጋዴ ዝም ብሎ ከረጢቱ ውስጥ አይጨምረውም። ያገላብጠዋል። በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ባለው ጌጥ ዙሪያ የተደረደሩትን ዘጠኝ ዕንቁዎች ይቆጥራል። ዕንቁዎቹ ተፍቀው ከሆነ አልቀበልም ይላል። አጉል ተጠራጣሪ ሆኖ አይደለም። ሰጪው አንዴ መንገዱን ከቀጠለ ኪሳራው የተቀባዩ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

ባንክ ሲመጣ ይህ ሸክም ከትከሻችን ወረደ። የሒሳብ ቁጥራችሁ ከስማችሁ ጋር የተያያዘ ነው። በቴሌብር ስትልኩ የተቀባዩ ስም ቀድሞ ይወጣል። ገንዘቡ ተሳስቶ ቢሄድ እንኳ ማመልከቻ ይዛችሁ የምትሄዱበት ቅርንጫፍ አለ። ክሪፕቶ የተነሣው ይህን መሀል ያለ አካል ለማስወገድ ነው፤ አስወገደውም። ሸክሙ ግን አብሮ አልጠፋም፤ ተመልሶ ተቀባዩ ትከሻ ላይ ወጣ።

እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 12 ቀን 2009 ማንነቱ እስከ ዛሬ ያልታወቀው ሳቶሺ ናካሞቶ ለአሜሪካዊው ፕሮግራመር ሃል ፊኒ 10 ቢትኮይን ላከለት። ከሰው ወደ ሰው የተላከ የመጀመሪያው ቢትኮይን የሚባለው ይህ ነው። በዚያ ዘመን ሶፍትዌሩ ሁለት ዓይነት የመላኪያ መንገድ ነበረው። አንደኛው ዛሬም የምናውቀው ረጅም አድራሻ ነው። ሁለተኛው የተቀባዩን ኮምፒውተር አይፒ አድራሻ ብቻ ጽፎ መላክ ነበር። ሁለተኛው ይቀል ነበር፤ ግን ቀዳዳ ነበረው። መንገድ ላይ ያደፈጠ ሰው «ተቀባዩ እኔ ነኝ» ብሎ የራሱን ቁልፍ ቢያቀብል ላኪው የሚለይበት ዘዴ አልነበረውም። በዚህ ምክንያት ያ መንገድ ከጊዜ በኋላ ከሶፍትዌሩ እንዲወጣ ተደረገ።

የቀረው ረጅም አድራሻም ታስቦበት የተሠራ ነው። ሳቶሺ እርስ በርስ የሚመሳሰሉ አራት ምልክቶችን ከአድራሻው አስወጣ፦ ዜሮን፣ ትልቁን «ኦ»፣ ትልቁን «አይ» እና ትንሹን «ኤል»። በዚያ ላይ መጨረሻው ላይ ማረጋገጫ ጨመረበት። አንድ ፊደል ብትስቱ ዋሌቱ አድራሻውን አይቀበልም፤ ስህተቱ ሾልኮ የማለፍ ዕድሉ ከ4 ቢሊዮን አንድ ገደማ ነው። ኢትዮሪየም እ.ኤ.አ በ2015 ሲጀምር ግን አድራሻዎቹ ይህ ማረጋገጫ አልነበራቸውም። አንድ ፊደል ከተሳተ ገንዘቡ ባለቤት ወደሌለው አድራሻ ሄዶ ይቀራል። በ2016 መፍትሔ ተገኘ፤ በአድራሻው ውስጥ ያሉት ትልልቅና ትንንሽ የላቲን ፊደላት አቀማመጥ ራሱ ማረጋገጫ እንዲሆን ተደረገ። ፊደላቱ እንዲያ ተዘበራርቀው የምታዩአቸው ለዚህ ነው።

ነገር ግን ልብ በሉ። ይህ ሁሉ ማረጋገጫ የሚያውቀው አድራሻው በትክክል መጻፉን ብቻ ነው። የማን እንደሆነ አያውቅም። ሌቦች የገቡት በዚህች ክፍተት ነው። እ.ኤ.አ በ2017 ካስፐርስኪ «ክሪፕቶሸፍለር» ብሎ የሰየመውን ቫይረስ ይፋ አደረገ። ቫይረሱ ኮምፒውተራችሁ ላይ ተኝቶ ይጠብቃል፤ አድራሻ ኮፒ ስታደርጉ በሌባው አድራሻ ይቀይረዋል። ፔስት የምታደርጉት የእሱን ነው። በሜይ 2024 ደግሞ አንድ ሰው 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወደ ሌባ አድራሻ ላከ። ሌባው አስቀድሞ የመጀመሪያና የመጨረሻ ፊደላቱ ከእውነተኛው ጋር የሚመሳሰል አድራሻ ሠርቶ፣ ከዚያ በተላከ ኢምንት ዝውውር የሰውየውን የዝውውር ታሪክ በክሎበት ነበር። ሰውየው ዳርና ዳሩን አይቶ መሀሉን ሳያይ ከታሪኩ ውስጥ ኮፒ አደረገ። በኋላ ገንዘቡ በአብዛኛው ተመለሰለት፤ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የሚገጥመው ስንቱ ነው?

ሁለተኛው ክፍተት መንገዱ ነው። ዩኤስዲቲ እ.ኤ.አ በ2014 በቢትኮይን ላይ ተጀመረ፤ ቆይቶ ወደ ኢትዮሪየም፣ በ2019 ደግሞ ወደ ትሮን ተሻገረ። ስሙ አንድ ነው፤ የሚሄድበት ኔትወርክ ግን ብዙ ነው። የትሮን አድራሻ በላቲኑ «ቲ» ስለሚጀምር ይለያል። የኢትዮሪየምና የቢኤንቢ አድራሻዎች ግን በመልክ አንድ ናቸው። ላኪው በአንዱ ልኮ እናንተ በሌላው ብትጠብቁ፣ አድራሻው «ትክክል» ሆኖ ገንዘቡ ግን አይታያችሁም። የራሳችሁ ዋሌት ከሆነ ኔትወርኩን ጨምሮ ማግኘት ይቻላል። የኤክስቼንጅ አድራሻ ከሆነ ግን ዕጣችሁ በኤክስቼንጁ ፈቃድ ላይ ነው።

ሦስተኛውን የኛ ወጣቶች በደንብ ያውቁታል። 2024 ብዙዎች ስልካቸውን ሲነካኩ የከረሙበት ዓመት ነው። ኖትኮይን በሜይ፣ ዶግስ በኦገስት፣ ሃምስተር ኮምባት በሴፕቴምበር ገበያ ላይ ወጡ፤ ሁሉም በቶን ኔትወርክ። ብዙ ኤክስቼንጆች በቶን ላይ ለሁሉም ደንበኛ የሚሰጡት አንድ አድራሻ ነው፤ ደንበኛው የሚለየው ሜሞ በምትባለው ቁጥር ነው። አድራሻው የመሥሪያ ቤቱ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው እንበል፤ ሜሞው የሠራተኛው ስም ነው። ስም የሌለው ደብዳቤ መሥሪያ ቤቱ ይደርሳል፤ ባለቤቱ ጋ ግን አይደርስም። ያለ ሜሞ የተላከ ገንዘብም እንዲሁ ነው።

አራተኛው ክፍተት የሰው ልብ ነው። በ2013 ሚስጥራዊውን ቁልፍ ከ12 እስከ 24 በሚደርሱ ተራ ቃላት መጻፍ የሚያስችል ደንብ ወጣ። በዓመቱ የቶኪዮው ማውንት ጎክስ 850 ሺህ ገደማ ቢትኮይን ጠፍቶብኛል ብሎ ሲከስር፣ ገንዘብን በራስ ዋሌት መያዝ ለምን እንደሚያስፈልግ ብዙዎች ተረዱ። ዛሬ ሌባ ቁልፍ አይሰብርም፤ ቃላቱን ይጠይቃችኋል። «የተላከልህን ለማስለቀቅ 12ቱን ቃላት አስገባ» ወይም «መጀመሪያ ክፍያ ላክ» ይላል። ለመቀበል የሚያስፈልገው አድራሻ ብቻ ነው፤ ሜሞ ካለው ሜሞውን መጨመር ነው። ከዚህ በላይ የሚጠይቃችሁ ሰው ሊሰጣችሁ ሳይሆን ሊወስድባችሁ ነው።

የኛ ሁኔታ ደግሞ የባሰ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስጠንቅቋል። ማስጠንቀቂያውን የሰማም ያልሰማም እየተቀበለ ነው። ሲጠፋበት ግን አቤት የሚልበት ደጃፍ የለውም። እኔን የሚያናድደኝ ይህን እያወቁ «ቶሎ በሉ፣ ሰዓቱ እያለቀ ነው» እያሉ ተማሪውን የሚያዋክቡ ቻናሎች ናቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እዚህ ግን የፈሰሰ አይለቀምም።

ስለዚህ ከላኪው ጋር ስለ መጠኑ ከመነጋገራችሁ በፊት ስለ ኔትወርኩ ተስማሙ። አድራሻውን ከዋሌታችሁ መቀበያ ገጽ ላይ እንጂ ከድሮ ዝውውር አትውሰዱ። ከላካችሁለት በኋላ እሱ ጋ የደረሰውን መልሶ እንዲልክላችሁ አድርጉና ከዳር እስከ ዳር አመሳክሩ። መጀመሪያ ትንሽ አስልኩ፤ ስትደርስ ቀሪውን። «ልኬያለሁ» የሚል ስክሪንሾት ማረጋገጫ አይደለም፤ ዝውውሩ ጸድቆ በኔትወርኩ የሕዝብ መዝገብ ላይ እስክታዩት ድረስ ዕቃም ሆነ ብር አታስረክቡ።

ላኪው «ምነው ሰው አታምንም?» ቢላችሁ አትፈሩ። ዕንቁ የሚቆጥረውን ነጋዴም እንዲሁ ሳይሉት አልቀሩም።