በሰርጉ ማግስት የመጣ ክስ

አጼ ምኒልክ ካረፉ ወር እንኳ አልሞላም፤ ሞታቸውም ገና ለሕዝብ አልተነገረም ነበር። በዚያው ሰሞን፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1906 ዓ.ም.፣ የሄንሪ ፎርድ መኪና ፋብሪካ ዲትሮይት ውስጥ ጋዜጠኞችን ጠርቶ ለሠራተኞቹ በቀን 5 ዶላር እንደሚከፍል አስታወቀ። (ቀኖቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።) እስከዚያ ቀን ድረስ ሠራተኛው ለዘጠኝ ሰዓት ሥራ የሚያገኘው 2 ዶላር ከ34 ሳንቲም ገደማ ነበር። አሁን ሰዓቱ ወደ ስምንት ወረደ፣ ገንዘቡ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ ከአሥር ሺህ በላይ ሥራ ፈላጊ በሃይላንድ ፓርክ ፋብሪካ በር ላይ ተኮለኮለ። በዚያ አጥንት ሰርስሮ በሚገባ ብርድ ፖሊሶች የእሳት አደጋ ውኃ እየረጩ በተኑት።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን የምናውቀው ደግ ባለሀብት ለሠራተኛው ያደረገው ችሮታ ተደርጎ ነው። ከችሮታው በፊት የነበረው ዓመት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። የመገጣጠሚያው መስመር ሥራ አሰልቺ ስለነበር የተቀጠረው ሁሉ እየጣለ ይሄዳል፤ ፋብሪካው አንድ ቦታ ሳይጎድል ለማቆየት በዓመት ከሦስት ሰው በላይ ይቀጥር ነበር። የ5 ዶላሩም ግማሽ ያህሉ ደመወዝ ሳይሆን የትርፍ ተካፋይነት የሚባል ተጨማሪ ነው፤ ይህን ለማግኘት ሠራተኛው በጠባዩ መመስገን አለበት። ድርጅቱ «የማኅበራዊ ጉዳይ ክፍል» ብሎ ባቋቋመው ቢሮ በኩል መርማሪዎችን ቤት ለቤት ይልክ ነበር። ቤቱ ንጹሕ ነው? ይጠጣል? ይቆጥባል? እንዲህ ያለ ችሮታ የእኛ የሰፈር ዕድር ዳኛ እንኳ አይደፍረውም።

ዛሬ ላወራው የፈለግሁት ግን ስለ 5 ዶላሩ ሳይሆን፣ ከሦስት ዓመት ገደማ በኋላ ስለመጣው ክስ ነው። የአንድ አክሲዮን ማኅበር ትርፍ የማን ነው ለሚለው ጥያቄ በዓለም የሕግ ትምህርት ቤቶች እስከ ዛሬ በምሳሌነት የሚነሳው ይህ ክስ ነው።

ጆንና ሆራስ ዶጅ በማሽን ሥራ የተካኑ ወንድማማቾች ነበሩ። ፎርድ በሰኔ 1895 ማኅበሩን ሲያቋቁም እጁ ላይ የነበረው ጥሬ ገንዘብ 28,000 ዶላር ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ሞተርም ካምቢዮም የተሠራው በዶጆች ወርክሾፕ ነው፤ ወንድማማቾቹም የ7,000 ዶላር ዕቃና የ3,000 ዶላር የእዳ ሰነድ አዋጥተው ከአክሲዮኑ አንድ አሥረኛውን ያዙ። ማኅበሩ ባይሳካ ከማንም በፊት የሚከስሩት እነሱ ነበሩ። ግን ተሳካ፤ ሞዴል ቲ የምትባለዋ መኪና አገሩን አጥለቀለቀችው። በ1907 ዶጆች በድርሻቸው ካገኙት ትርፍ የራሳቸውን መኪና ሠርተው ገበያ አወጡ።

ፎርድ ይህንን እያየ ዝም ብሎ ይቀመጣል ብሎ የሚያስብ ካለ ፎርድን አያውቀውም። የራሱ ማኅበር የሚያከፋፍለው ገንዘብ የተፎካካሪውን ፋብሪካ እየገነባ ነበርና። ማኅበሩ ለጥቂት ዓመታት በልዩ ዲቪደንድ መልክ 41 ሚሊዮን ዶላር ለባለአክሲዮኖቹ ሲያከፋፍል ቆይቷል። በ1908 ክረምት የተዘጋው የበጀት ዓመት ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ትርፍ አሳየ። ፎርድ ግን ከእንግዲህ ልዩ ዲቪደንድ የለም አለ። የመኪናዋን ዋጋ ከ440 ወደ 360 ዶላር ቀነሰ። የቀረውን ገንዘብ በሩዥ ወንዝ ዳር ለሚቆመው ግዙፍ ፋብሪካና ማቅለጫ አውላለሁ ሲል አስታወቀ። ለባለአክሲዮኖቹ የሚቀረው መደበኛው ዲቪደንድ ብቻ ሆነ፤ እሱም በ2 ሚሊዮን ዶላሩ ካፒታል ላይ በወር 5 በመቶ ነው። በዓመት 1.2 ሚሊዮን ማለት ነው፤ የዶጆች ድርሻ 120,000። ለፋብሪካ ግንባታ ላሰቡት ይህ ከቡና ወጪ አይበልጥም።

ጥቅምት 22 ቀን 1909 ዓ.ም. የፎርድ አንድ ልጅ ኤድሰል አገባ። እኛ ዘንድ የሰገሌ ጦርነት ካበቃ አምስተኛው ቀን መሆኑ ነው። ከሰርጉ ታዳሚዎች አንዱ ጆን ዶጅ እንደነበር ይተረካል። በማግስቱ ዶጅ ወንድማማቾች ክስ መሠረቱ፦ ፎርድ የተከማቸውን ትርፍ ያካፍለን፣ የሩዥ ግንባታም ይቁም። የሰርግ እንጀራ በልቶ በማግስቱ ፍርድ ቤት መቆም በእኛ ባህል ነውር ነው። ይሁንና ወንድማማቾቹን ከመውቀሴ በፊት ልጁን የዳረው ሰው ምን እያደረገባቸው እንደነበር ማስታወስ ይገባል።

ፎርድ ምስክርነት ሲሰጥ የዶጆች ጠበቃ ኤሊየት ስቲቨንሰን አጥብቆ ጠየቀው። ፎርድም ያን ያህል የተጋነነ ትርፍ ማግኘት ተገቢ አይመስለኝም፣ የማኅበሩ ዓላማ ለሁሉም በተቻለ መጠን መልካም ማድረግ ነው፣ ገንዘብ ደግሞ በዚያው መንገድ ይመጣል በሚል መንፈስ መለሰ። ለጋዜጣ ጥሩ ነበር። ለፍርድ ቤት ግን ራሱን በራሱ ገመድ ማሰር ነው። ዋጋ ብቀንስ ብዙ እሸጣለሁ፣ ፋብሪካ ባሰፋ ወጪዬ ይቀንሳል፣ ለሠራተኛ ብከፍል አይለቅብኝም ቢል ኖሮ ማን ይከራከረው ነበር? ዳኞች በነጋዴ ሙያ ጣልቃ አይገቡም። ፎርድ ግን የንግድ ምክንያቱን ትቶ ጻድቅ ሆኖ ለመታየት መረጠ። ያ ጽድቅ ደግሞ በሰው ገንዘብ የሚሰጥ ምጽዋት መስሎ ታየ።

የሥር ፍርድ ቤቱ ለዶጆች ፈረደ፤ ግንባታውንም አገደ። ፎርድ ይግባኝ አለ። የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥር 30 ቀን 1911 ዓ.ም. በዳኛ ራስል ኦስትራንደር በተጻፈ ብይን 19,275,385 ዶላር ይከፋፈል አለ፤ የሩዥን እገዳ ግን አነሳ። በብይኑ መሠረት የንግድ ማኅበር በዋነኛነት የሚቋቋመው ለባለአክሲዮኖቹ ትርፍ ነው፤ ሥራ አስኪያጆቹ መንገዱን እንዲመርጡ ይፈቀድላቸዋል እንጂ ዓላማውን አይለውጡም። በዚያው ብይን ዳኞቹ እኛ የንግድ ሊቃውንት አይደለንም አሉ። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ታዋቂ ሆነ፤ ሁለተኛውን የሚጠቅሰው ጥቂት ነው። የፎርድ ድርሻ 58 በመቶ መሆኑን ካሰብን፣ ፍርድ ቤት አስገድዶ ካስከፈለው ገንዘብ 11 ሚሊዮን የሚሆነው የገባው ወደ ራሱ ወደ ፎርድ ኪስ ነው።

ነገሩ በብይኑ አላበቃም። ብይኑ ገና ሳይሰጥ በታኅሣሥ 1911 ፎርድ የፕሬዚዳንትነቱን ቦታ ለልጁ ለኤድሰል ለቆ ነበር። ከብይኑ በኋላ ደግሞ አዲስ ማኅበር አቋቁሜ ከሞዴል ቲ የረከሰ መኪና እሠራለሁ የሚል ወሬ ተነዛ። ባለአክሲዮኖቹ ደነገጡ፤ በዚያው ዓመት ድርሻቸውን በሙሉ ሸጡለት። ጠቅላላው ዋጋ ከ105 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ዶጆች 25 ሚሊዮን ወሰዱ። የፎርድ ሸሪክ የጄምስ ከዘንስ እህት በ100 ዶላር የገዛችው ድርሻ 260,000 ዶላር ሆነ። ፎርድም ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ባለአክሲዮን አልነበረውም፤ ማኅበሩ አክሲዮን ለሕዝብ የሸጠው እሱ ከሞተ ከዓመታት በኋላ ነው።

ታዲያ ፎርድ ማን ነበር? ከብይኑ ተነሥተው ሕጉ የባለአክሲዮን ትርፍ ብቻ ነው ብለው የሚያስተምሩ አሉ። እንደ ሊን ስታውት ያሉ የሕግ ምሁራን ደግሞ ጉዳዩ ስለ ችሮታ ሳይሆን፣ ብዙ ድርሻ ያለው ሰው ትንሽ ድርሻ ያለውን ስለማፈኑ ነው ይላሉ። የመጨረሻውን ቅርጽ ስመለከት እኔ ወደ ሁለተኞቹ አደላለሁ። ከክሱ ዓመታት በኋላ ፎርድ በእጁ ያገኘው ከምጽዋቱ ይልቅ የወንድማማቾቹን ድርሻ ነው። ጆን ዶጅ በጥር 1912 በኢንፍሉዌንዛ ሞተ፤ ሆራስም ዓመት ሳይሞላው ተከተለው። ድርሻቸውን ሽጠው ያገኙትን ገንዘብ ብዙ አልበሉትም።

መስከረም 3 ቀን 1963 ሚልተን ፍሪድማን በኒውዮርክ ታይምስ መጽሔት የድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነት ትርፉን ማሳደግ ነው ብሎ ጻፈ። ነሐሴ 13 ቀን 2011 ደግሞ 181 የአሜሪካ ትልልቅ ድርጅቶች ኃላፊዎች ለደንበኛ፣ ለሠራተኛ፣ ለአካባቢና ለባለአክሲዮን ሁሉ እንሠራለን የሚል መግለጫ ፈረሙ። ብይኑ መቶ ዓመት የሞላው በዚያው ዓመት ነው።

እኛ ዘንድ ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ካደረገ ወዲህ፣ ትርፉ ይከፋፈል ወይስ ለካፒታል ይዋል የሚለው ጥያቄ ለባንክ ባለአክሲዮኖች እንግዳ አይደለም። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ከቀረበና የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 በይፋ ሥራ ከጀመረ በኋላ ደግሞ፣ ጠቅላላ ጉባኤ የሚባለውን ነገር ገና የሚማር ሰው በዝቷል። በሚቀጥለው ጉባኤ ሊቀመንበሩ ማኅበሩ ለኅብረተሰቡ ስላደረገው በጎ ሥራ በሰፊው ሲናገር፣ ከኋላ ወንበር እጁን አውጥቶ ትልቁ ባለድርሻ ማነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ፣ ጆን ዶጅ የጠየቀው ያንኑ ነበር።