ወፏን ማን ጠለፋት? የቻይና ሹማምንት የደረት ጥልፍና የተረሱት እጆች

በጨርቅ ላይ በመርፌና በክር ተጠልፎ፣ ዙሪያው ተከርክሞ፣ ከጀርባው መርፌ ቁልፍ ተሰፍቶለት ደረት ላይ የሚሰካ የእንስሳ ምስል ዛሬ የእጅ ሥራ የሚወዱ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ጌጥ ነው። ብሮሽ ይሉታል። አንዷ ንብ ትጠልፋለች፤ ሌላዋ ጉጉት፤ ሌላው ደግሞ ቀበሮ ወይም ጢንዚዛ ይሠራል። የትኛውን እንስሳ መምረጥ እንዳለበት ለሠሪው የሚነግረው የለም። የሚያደርገውም ሰው ቢሆን ደስ ያለውን ገዝቶ ይሰካል፤ ሲሰለቸው ይነቅላል። ማን ምን አገባው?

እንስሳን ጠልፎ ደረት ላይ ማድረግ ግን ሁልጊዜ እንዲህ የልብ ፈቃድ ጉዳይ አልነበረም። በቻይና አገር ከአምስት መቶ ዓመታት በላይ፣ ይኸውም ከ1391 እስከ 1912 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ አንድ ሹም የትኛውን ወፍ ወይም አውሬ በደረቱ እንደሚያደርግ የሚወስነው ሕግ ነበር። ይህን ታሪክ በዚህ መጽሔት ለማንሣት የወደድንበት ምክንያት አለን። ወፏ በአብዛኛው የምትገኘው በትምህርትና በፈተና ነበር፤ ስለዚህ ነገሩ እኛን ተማሪዎችን በቀጥታ ይመለከተናል።

ከመጀመሪያው እንነሣ። በ1368 የሞንጎሎችን አገዛዝ አስወግዶ የሚንግን ሥርወ መንግሥት የመሠረተው ንጉሠ ነገሥት የድኻ ገበሬ ልጅ ነበር። ዙፋን ላይ ከወጣ በኋላ ግን ማን ከማን እንደሚበልጥ በልብስ ሳይቀር ለይቶ ማሳየት ፈለገ። በ1391 በወጣው ደንብ መሠረት የሲቪል ሹማምንት ወፍ፣ የጦር ሹማምንት ደግሞ አውሬ በደረታቸውና በጀርባቸው እንዲያደርጉ ታዘዘ። ወፍ የዕውቀትና የጨዋነት ምልክት፣ አውሬ የጀግንነት ምልክት መሆኑ ነው። ምስሉ የሚጠለፈው በአራት ማዕዘን ጨርቅ ላይ ነበር። ክብ ምልክትና ዘንዶ ለንጉሡ ዘመዶች የተጠበቀ ሆነ።

በ1644 ማንቹዎች ቤጂንግን ይዘው ቺንግ የተባለውን መንግሥት ሲያቆሙ ብዙውን የቻይናዎች አለባበስ ለወጡት፤ ይህን ልማድ ግን አልነኩትም። እንዲያውም በ1652 ደንቡን አጥብቀው ደነገጉት። የሲቪል ሹመት ዘጠኝ ደረጃ ነበረው። አንደኛው ደረጃ ክሬን የሚሉትን ሽመላ መሳይ ረጅም እግር ወፍ ያደርጋል። ሁለተኛው የወርቅማ ፌዛንት፣ ሦስተኛው ጣዎስ፣ አራተኛው የዱር ዝይ፣ አምስተኛው ብርማ ፌዛንት፣ ስድስተኛው ነጭ ሳቢሳ፣ ሰባተኛው ማንዳሪን የምትባለው ዳክዬ፣ ስምንተኛው ድርጭት፣ ዘጠነኛው ጅራተ ረጅም የሆነች አንዲት ትንሽ ወፍ። ከጦር ሹማምንቱ ዘንድ ደግሞ አንበሳ፣ ነብር፣ ድብ፣ አውራሪስ፣ በማዕበል ላይ የሚጋልብ ፈረስ እንደየማዕረጉ ይገኛሉ። የዳኝነትንና የሹማምንትን ጥፋት የሚቆጣጠሩት መርማሪዎች ለብቻቸው ሺዬጂ የሚባል ባለ አንድ ቀንድ እንስሳ ነበራቸው። በአፈ ታሪክ ይህ እንስሳ ጥፋተኛውን ለይቶ የሚወጋ ነው። እንግዲህ በአደባባይ የቆመን ሰው ደረት ዓይቶ ስንት እጅ መንሣት እንደሚገባ ማወቅ ይቻል ነበር ማለት ነው።

አንድ የሚያስገርም ነገር እዚህ ላይ እንጥቀስ። ከእነዚህ እንስሳት አንዳንዶቹን ጠላፊዎቹ በዓይናቸው ዓይተዋቸው አያውቁም። አንበሳ በቻይና ምድር አይኖርም። ስለዚህ በጥልፉ ላይ የምናየው አንበሳ ጸጉሩ የተጠቀለለ፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ ውሻ የሚመስል ፍጥረት ነው፤ አንበሳን በሳንቲሙም በሐውልቱም ሲያይ ላደገ የአገራችን ሰው ፈገግ የሚያሰኝ ነው። አውራሪሱም ያው በሬ ሆኖ ነው የተጠለፈው። ኪሊን የሚባለው ደግሞ ቅርፊትና ሰኮና ያለው የተረት እንስሳ ሲሆን፣ በ1414 ከቤንጋል ንጉሥ ቀጭኔ በስጦታ ለቤተ መንግሥቱ ሲመጣ “ኪሊን መጣ!” ተብሎ በክብር ተቀበሉት። በማግሥቱ ዓመት ሌላ ቀጭኔ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ፣ ከማሊንዲ ደረሰ። በጥልፉ ላይ የቀጠለው ግን የተረቱ ኪሊን ነው እንጂ ባለ ረጅም አንገቱ የአፍሪካ እንስሳ አይደለም። ንድፍ ከንድፍ ይቀዳል፤ እንስሳው ከበር ቢቆምም ንድፉ በቀላሉ አይለወጥም።

አሁን ወደ ፈተናው እንምጣ። ወፍ በደረቱ ለማድረግ የሚመኝ ወጣት ከልጅነቱ ጀምሮ የኮንፊሽየስን ትምህርት መጻሕፍት በቃሉ ያጠናል። በወረዳ፣ ቀጥሎ በየሦስት ዓመቱ በሚደረገው የክፍለ ሀገር ፈተና፣ በመጨረሻም በቤጂንግ ይፈተናል። በክፍለ ሀገሩ ፈተና ጊዜ ተፈታኙ ጠባብ የጡብ ክፍል ውስጥ ለቀናት ተዘግቶ፣ እዚያው እየበላ፣ እዚያው እየተኛ ይጽፋል። የሚወድቀው ከሚያልፈው እጅግ ይበዛል፤ ጸጉሩ እስኪሸብት የሚመላለስም ነበር። አልፎ የወረዳ ገዥ የሆነ ሰው ብዙውን ጊዜ ሰባተኛ ደረጃ ይይዛል፤ ዳክዬዋን ያደርጋል። በመላው አገር አንደኛ የወጣው እንኳ የሚጀምረው ከስድስተኛው፣ ከሳቢሳዋ ነበር። መንግሥት ግን ሹመቱን እንጂ ጥልፉን አይሰጥም። ሹሙ ራሱ ገበያ ወጥቶ ወይም አሠርቶ በገንዘቡ ይገዛል።

ታዲያ እሱ በፈተናው ክፍል ቀለም ሲበጠብጥ ወፏን የሚጠልፍለት ማን ነበር? ሥራውን ብናይ ጥያቄው ይከብዳል። መጀመሪያ ወፏ በወረቀት ላይ ትሣላለች። የሥዕሉ መስመር በመርፌ ይበሳሳል። ወረቀቱ በሐር ጨርቁ ላይ ተነጥፎ ዱቄት ሲታሽበት፣ ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ ነጠብጣብ መስመር ይተዋል። ጨርቁ በእንጨት ፍሬም ላይ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ጠላፊዋ አንድ እጇን ከላይ፣ አንድ እጇን ከሥር አድርጋ መርፌዋን ታቀባብላለች። ለላባው የሚሆነው ሐር ስለማይገመድ እንደገና ተሰንጥቆ ይቀጥናል፤ ስፌቶቹ ጎን ለጎን ተኝተው ጨርቁን ይሸፍኑታል። ብርሃን በስፌቱ አቅጣጫ ስለሚመለስ አንድ ዓይነት ቀለም ክር በአንገቷ ላይ ሌላ፣ በክንፏ ላይ ሌላ ሆኖ ይታያል። ይህን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ስፌቱ ወዴት ይተኛ የሚለው የዕውቀት ጥያቄ ነው።

ወርቁም የራሱ ዘዴ አለው። እኛ ሙካሽ የምንለውን የሚመስለው ክር የሚሠራው ስስ ወርቅ በወረቀት ላይ ተለጥፎ፣ ወረቀቱ በቀጭን ተተልትሎ፣ በሐር ክር ላይ ሲጠመጠም ነው። እንዲህ ያለው ክር በጨርቅ ውስጥ ቢያልፍ ስለሚላላጥ ከላይ ተዘርግቶ በሌላ ቀጭን ክር ይነቀሳል። መንቀሻው ቀይ ከሆነ ወርቁ ይሞቃል። በጥንቶቹ ሥራዎች የጣዎስ ላባ በክር ላይ ተጠምጥሞ የተጠለፈበትም አለ። ትንንሽ ቋጠሮ ብቻ ተሰብስቦ ምስል የሚሆንበት አሠራር ደግሞ “የተከለከለው ስፌት” በሚል ስም ይታወቃል፤ የብዙ ጠላፊዎችን ዓይን ስላጠፋ ንጉሡ ከለከለው እየተባለ ይወራል። ክልከላው ማስረጃ የሌለው የነጋዴ ወሬ ነው። በደብዛዛ ብርሃን ለዓመታት መጥለፍ ዓይንን እንደሚያደክም ግን የሚያከራክር አይደለም።

በወፏ ዙሪያ ፀሐይ፣ ደመና፣ ማዕበልና ዐለት ይጠለፋሉ። የሌሊት ወፍም አትቀርም። በእኛ ተረት አንዴ ወፍ አንዴ አይጥ ነኝ እያለች የምትታማው ይህች ፍጥረት በቻይንኛ ስሟ “በረከት” ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ ስለሚገጥም እዚያ የመልካም ዕድል ምልክት ናት። እንግዲህ ደንቡ የእንስሳውን ዓይነት ይወስን እንጂ አንገቷን እንዴት እንደምታዞር፣ ክንፏን ምን ያህል እንደምትዘረጋ፣ ማዕበሉ እንዴት እንደሚጠቀለል አልጨረሰውም። አንድ ደረጃ የሆኑ ሁለት ሰዎች ወፎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ የተለያየ እጅ ይታይባቸዋል። ለጠላፊው የተረፈው ነፃነት ይኸው ነበር።

ጠላፊዎቹ በሱዡና በመሳሰሉት የሐር ከተሞች በቤታቸው ወይም በሥራ ቤት የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ፤ በጓንግዡ ደግሞ ወንዶችም በብዛት ይጠልፉ ነበር። ሴቶቹን በተመለከተ ነገሩ ይመራል። ሴት ልጅ በንጉሠ ነገሥቱ ፈተና መቀመጥ አትችልም። ላባውን አንድ በአንድ ጠልፋ የጨረሰችው ሴት ያችን ወፍ በራሷ ዕውቀት ደረቷ ላይ የምታደርግበት መንገድ አልነበረም። የሹም ሚስት የሆነች እንደሆነ የባሏን ደረጃ ወፍ ታደርጋለች፤ ያውም ባልና ሚስት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ወፎቹ እንዲተያዩ የሷ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞራ ትሠራለች። ስለዚህ በአንዲት ወፍ ውስጥ ሁለት ዕውቀት ነበር። አንደኛው ተፈትኖ፣ ስሙ በመዝገብ ሰፍሮ፣ ደመወዝ ተቆርጦለታል። ሁለተኛውን የፈተነው የለም፤ ስሙንም የጻፈው የለም።

ጨርሶ ስም አልቀረም ማለታችን አይደለም። ከሚንግ ዘመን መጨረሻ ሃን ሺመንግ የተባለች ጠላፊ በስሟ ትታወቃለች። ወደኛ ዘመን ስንቀርብ በ1874 በሱዡ የተወለደችው ሸን ሾው አለች። በ1904 ለእቴጌ ሲሺ ሰባኛ ዓመት በዓል የጠለፈችው ሥራ በጣም ስለተወደደ “ሾው”፣ ይኸውም “ረጅም ዕድሜ”፣ የሚለው ስም ወጣላት። የጣሊያኗን ንግሥት ኤሌናን መልክ ጠልፋ በ1911 በቶሪኖ ኤግዚቢሽን ቀርቦላት ተሸልማለች። ከ1914 ጀምሮ በናንቶንግ የጥልፍ ትምህርት ቤት መርታለች። በኋላም በሕመም ላይ ሳለች የምታውቀውን በቃል አስጽፋ በ1919 የጥልፍ መጽሐፍ ታተመ። በ1921 ዐረፈች። እጅ የሚያውቀው ነገር በመጽሐፍ ሊሰፍር እንደሚችል ያሳየች ሴት ናት። የሹማምንቱን ወፎች የጠለፉት እልፍ እጆች ግን እንዲህ ያለ ዕድል አላገኙም።

የመጨረሻው ዘመን ደግሞ ሌላ ጉድ አመጣ። በ1850 የተነሣው የታይፒንግ ዐመፅ እስከ 1864 ሲቀጥል የመንግሥቱ ካዝና ተራቆተ፤ ሹመትን በገንዘብ መሸጥም በረከተ። ሹመት ቶሎ ቶሎ ሲለዋወጥ ገበያው መላ ዘየደ፤ ፀሐዩና ማዕበሉ ያለበት አራት ማዕዘን ባዶውን ተዘጋጅቶ ወፏ ለብቻዋ ተጠልፋ፣ ተቆርጣ፣ ከላይ ትሰፋለች። ሹሙ ከፍ ሲል አሮጌዋ ወፍ ተፈትታ አዲሷ ትተካለች። የዛሬውን የጨርቅ ብሮሽ የሚመስለው ይህ ነው፤ ለብቻው የተሠራ፣ የሚነሣና የሚተካ እንስሳ። በዚያው ዘመን ከ1856 ወዲህ በአውሮፓ የተፈለሰፉት የኬሚካል ቀለሞች ገቡ፤ ደማቁ ወይን ጠጅ ክር ዛሬ የሥራውን ዘመን ለመለየት ይረዳል።

በ1905 ፈተናው ተሻረ። በጥቅምት 1911 አብዮት ፈነዳ፤ የካቲት 1912 የስድስት ዓመቱ ልጅ ንጉሥ ከዙፋን ወረደ። በአንድ ጊዜ ክሬኑም ድርጭቷም እኩል ሆኑ። ጥልፎቹ ለውጭ አገር ሰዎች ተሸጡ፤ የትራስ ልብስና የእጅ ቦርሳ የሆኑም አሉ። ዛሬ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየምና በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከሌሎች መካከል ይገኛሉ። ከፊታቸው የሚቆመው ሰው የባለቤቱን ሹመት በወፏ ዓይነት ያውቃል። የሚያደንቀው ግን ሹመቱን አይደለም፤ የአንገቷን አዟዟር ነው፤ ይኼንን ደግሞ ደንቡ ሳይሆን ጠላፊዋ ነች የወሰነችው።

ከዚህ ታሪክ ለእጅ ሥራ ወዳጆቻችን ሁለት ነገር ብንወስድ ደስ ይለናል። አንደኛ፣ እንስሳ ለመጥለፍ የሚነሣ ሰው ከሌላ ሰው ንድፍ ከመቅዳቱ በፊት እንስሳውን ራሱን ይየው። በሬ የሆነውን አውራሪስ ያስታውስ። ስሜን ተራራ ሄዶ የጭላዳን ደረት ወይም የዋልያን ቀንድ አጥንቶ የሚስል ተማሪ ቻይናዊው ጠላፊ ያላገኘውን ዕድል አግኝቷል። ሁለተኛ፣ እናቶቻችንና እህቶቻችን በትራስ ልብስና በመጋረጃ ላይ የጠለፏቸው ጣዎሶች በየቤቱ አሉ፤ የማን እጅ እንደሆነ እናቶች በሕይወት ሳሉ ይጠየቅ፣ ይጻፍ። የራሳችንንም ብሮሽ ስንጨርስ መርፌ ቁልፉን ከመስፋታችን በፊት ከጀርባው ስማችንንና ዓመቱን በክር እንጻፍበት። ብዙ ጊዜ አይወስድም።