በትንፋሽ ስለ መጻፍ

እጁ የማይታዘዝለት ሰው በምን ይጽፋል? ለዚህ ጥያቄ ደኅና መልስ የተገኘው በእንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል በሚባለው ሆስፒታል ነው። በዚያ ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነት አከርካሪያቸው የተጎዳ ወታደሮችን ያክሙ ነበር። ሬጅ ማሊንግ የተባለ ሰው ሕሙማኑን እየጎበኘ ሳለ፣ ከአንገት በታች ለሰለለው ሰው ትንፋሹ እንደሚቀርለት አስተዋለ። በ1952 ዓ.ም. ገደማም በቱቦ እፍ በማለትና በመሳብ የጽሕፈት መኪና የሚታዘዝበትን መሣሪያ ሠራ። ስሙ ፖሰም ተባለ፤ በላቲን ቋንቋ «እችላለሁ» ማለት ነው። ለአንድ መሣሪያ ከዚህ የተሻለ ስም ሊወጣለት አይችልም።

ኮምፒዩተር ከመጣ በኋላም ሐሳቡ ያው ነው። ፊደላቱ በየተራ እየበሩ ያልፋሉ፤ ሰውየው የሚፈልገው ፊደል ሲበራ በጉንጩ፣ በራሱ ወይም በእግሩ ጣት አንዲት ቁልፍ ይነካል። በ2010 ዓ.ም. የሞተው ሊቅ ስቲቨን ሆኪንግ በመጨረሻው ዘመኑ በጉንጩ ጡንቻ ይጽፍ ነበር።

እነርሱ 26 ፊደል አላቸው፤ እኛ ግን ከ33ቱ ቤቶች 231 አለን። አንድ በአንድ ቢበሩ በአማካይ 116 ጊዜ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በዚህ አኳኋን ደብዳቤ መጻፍ ቀርቶ ስምን መጻፍም ያታክታል። ነገር ግን ሕፃን ሳለን የቆጠርነው ገበታ ራሱ መፍትሔውን ይዟል። አስቀድሞ ቤቱ፣ ቀጥሎ ግእዙ ወይም ካዕቡ ወይም ሣልሱ ቢመረጥ፣ አማካዩ ወደ 21 ይወርዳል። ፊደላችንም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የኮምፒዩተር ሥርዓት ስለ ገባ፣ ከዚህ ወገን የሚያግድ ነገር የለም።

ችግሩ የሰው ነው። የትኛው ጡንቻ እንደሚታዘዝ መርምሮ ቁልፉን በትክክለኛው ስፍራ የሚያኖር ባለሙያ ያስፈልጋል። በ1947 ዓ.ም. በከተማችን የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ወደ ገጠር የሚወጡ የጤና ሠራተኞችን ያሠለጥን ነበር፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ስለ አካል ጉዳተኞች ይሠራል፤ ኦኩፔሽናል ቴራፒም ያስተምራል። ከእነዚህ ተማሪዎች ስንቱ ደባርቅንና ጃናሞራን አልፎ ይዘልቅ ይሆን? ቁልፉስ ውድ አይደለም፤ ተራ የበር ደወል መጫኛ በሁለት ሽቦ ከአሮጌ ማውስ ውስጥ ቢያያዝ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ የሳይንስ ክፍላችን ተማሪዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊጨርሱት ይችላሉ።