በሩ ከተከፈተ በኋላ ማን አጠገቡ ይቀመጣል?

ትምህርት ቤት ገብቶ አለመማር ይቻላል? በደንብ ይቻላል። ወንበሩ አለ፣ መጽሐፉ አለ፣ አስተማሪዋ ፊት ለፊት ቆማ ታስረዳለች፤ ከምትለው ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ከሌላ አገር መጥቶ አሜሪካ ውስጥ ክፍል የገባ ልጅ ይህን ያውቀዋል።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ዋሽንግተን አካባቢ በሚገኝ አንድ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ አዲስ የመጡ ልጆችን በነጻ አስጠናለሁ። ብዙ ሰው ሥራውን የሚያየው እንደ ጽድቅ ነው፤ «እግዜር ይስጥሽ» ይሉኛል። ምርቃቱን እወደዋለሁ። ግን ነገሩ ረጅም ታሪክ አለው፤ ታሪኩ ደግሞ እንዴት ማስጠናት እንዳለብን ይነግረናል ብዬ አምናለሁ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ከሳን ፍራንሲስኮ ልጀምር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በከተማዋ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ የማይችሉ ወደ 2,800 የሚሆኑ የቻይና ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ነበሩ። ወደ 1,000 ገደማው ተጨማሪ የቋንቋ ትምህርት ሲሰጣቸው፣ 1,800 የሚሆኑት ግን ምንም አላገኙም። ወላጆች ከሰሱ። የሥር ፍርድ ቤቶች «ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት መጽሐፍና አንድ ዓይነት አስተማሪ አግኝቷል፤ ታዲያ በደሉ የቱ ላይ ነው?» በሚል መንፈስ ክሱን አልተቀበሉትም። በጥር 1974 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ለተማሪዎቹ ፈረደ። «ላው ከኒኮልስ» ተብሎ የሚታወቀው ይህ መዝገብ ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ ለማይሰማ ቋንቋ እኩል መጽሐፍ ማደል እኩልነት አይደለም።

ውሳኔው ትልቅ ነበር። ግን ትምህርት ቤቶቹ ምን ዓይነት ዘዴ ይከተሉ የሚለውን አልወሰነም። ልጁ ማታ የቤት ሥራው ሲያቅተው አጠገቡ ማን እንደሚቀመጥማ የትኛውም ፍርድ ቤት ሊወስን አይችልም። ያቺን ቦታ ከድሮም ጀምሮ የሚሞላት ሰፈሩ ነው።

እንግሊዝ አገር ግሎስተር ከተማ ውስጥ ሮበርት ሬይክስ የሚባል የጋዜጣ አሳታሚ በ1780 የሰንበት ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ ቀኑን የመረጠበት ምክንያት ነበረው፤ የድሃ ልጆች ሌላውን ቀን ሥራ ላይ ይውላሉ። እሑድ ማንበብ ተማሩ። እኛም ዘንድ ፊደል የሚቆጠረው የኔታ እግር ሥር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ ነበር። የኔታ ለሁሉም አይደርሱም፤ ስለዚህ ዳዊት የደገመው ልጅ ገና ሀ ሁ የሚለውን ይዞ ያስቆጥራል። ትናንት የተማረ ዛሬ ያስተምራል። አዳራሻችን ውስጥ የአሥራ ሁለተኛ ክፍሏ ልጅ የስድስተኛ ክፍሉን ስታስጠና፣ አያቶቻችን ቢያዩ አይገርማቸውም።

ከሁሉም በላይ የሚመስጠኝ ግን የቺካጎው ታሪክ ነው። በ1889 ጄን አዳምስና ጓደኛዋ ኤለን ጌትስ ስታር ስደተኞች በሚኖሩበት ሰፈር ሃል ሐውስ የተባለውን ቤት ከፈቱ። ቤቱ የየትኛውም ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። ጣሊያኖች፣ ጀርመኖች፣ ከሩሲያና ከፖላንድ የመጡ አይሁዶች ለእንግሊዝኛ ትምህርት፣ ለሕፃናት ማቆያ፣ ለክበባት ይመጡ ነበር። ትምህርቱ ሠራ፤ ምናልባት ከሚገባው በላይ ሠራ። ልጆቹ አገሩን ቶሎ ለመዱና በወላጆቻቸው ማፈር ጀመሩ።

አዳምስ አንድ ቀን አንዲት ጣሊያናዊት አሮጊት ደጅ ተቀምጠው በእንዝርት ሲፈትሉ አየች። እናቶቻችን የሚያውቁት እንዝርት ነው እንግዲህ! ከዚያ ሐሳብ ተነስታ በ1900 ሃል ሐውስ ውስጥ የሥራ ሙዚየም ከፈተች። የሰፈሩ ስደተኞች እየመጡ ሲፈትሉና ሲሸምኑ ልጆቻቸው ያዩአቸው ነበር። ሥራቸው ከፋብሪካው ማሽን በፊት የነበረ ታሪክ እንደሆነም ይማሩ ነበር። እንግሊዝኛ ያልቻለችው እናት እዚያ አስተማሪ ሆነች።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ መንገዱን የከፈተው በመጋቢት 1980 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፈረሙት የስደተኞች ሕግ ነው። ከዚያ በፊት የአሜሪካ ሕግ «ስደተኛ» የሚለው በአብዛኛው ከኮሚኒስት አገርና ከመካከለኛው ምሥራቅ የሸሸውን ነበር። በአዲሱ ሕግ ከደርግ ሸሽተው ሱዳን የገቡ ኢትዮጵያውያንም መምጣት ቻሉ። የማስፈሩን ሥራ ከመንግሥት ጋር የያዙት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከአብያተ ክርስቲያናት ጋር የተያያዙ ናቸው። ቤት፣ ብርድ ልብስ፣ የመጀመሪያ ሥራ ይፈለግ ነበር። አልጀብራው ግን ለሰፈሩ ቀረ።

አልጀብራ ስል፣ ልጆቹ ቁጥር አይችሉም ማለቴ አይደለም። ብዙዎቹ ከእኔ ይፈጥናሉ። የሚይዛቸው ቃሉ ነው። «ቴብል» ማለት ጠረጴዛ እንደሆነ ያውቃል፤ ሳይንስ መጽሐፉ «ቴብሉን ተመልከት» ሲለው ግን ጠረጴዛ ይፈልጋል እንጂ ሠንጠረዡን አያይም። ጠዋት 2 ሰዓት ብሎ ያደገ ልጅ ትምህርት ቤቱ 8 ሰዓት ይጀምራል ሲሉት ለአፍታ ከሰዓት በኋላ ይመስለዋል። ደግሞ ታላቅን ዓይን ዓይኑን ማየት ነውር ነው ተብሎ ስላደገ አንገቱን ይደፋል፤ አስተማሪዋ አልገባውም ብላ ትጽፋለች። ይህን ሁሉ ለማየት ሊቅ መሆን አያሻም፤ አጠገቡ መቀመጥ ይበቃል።

ግን የቺካጎው ነገር እዚህም አለ። ቤት ውስጥ ደብዳቤ የሚተረጉመው ልጁ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስለ ራሱ የመጣውን ጭምር! ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ካወጣች ወዲህ አማርኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ሆኖም የማታ ሥራ የምትሠራ እናት ለእያንዳንዷ ወረቀት አስተርጓሚ አትጠራም። ልጁ ቀስ በቀስ የቤቱ አባወራ ይሆናል፤ እናትየው ዝም ትላለች።

ስለዚህ እኔ አንድ ነገር እለምናለሁ። ልጁ ጥናቱን ሲጨርስ ልትወስደው ለመጣችው እናት የተማረውን በቤታቸው ቋንቋ ያስረዳት፤ በአማርኛም፣ በትግርኛም፣ በኦሮምኛም ይሁን። ክፍልፋይ በዳቦ፣ ትነት በድስት ክዳን ይገለጻል። እናቶች የሚጠይቁት ጥያቄ ከእኔ ይበልጣል፤ «እና ክዳኑ ቀዝቃዛ ባይሆንስ?» አለች አንዷ ባለፈው። ልጁ መልስ አልነበረውም። ወደ መጽሐፉ ተመለሰ፤ እሷም ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።