የመጸው መዓዛ፤ የአሪቲ፣ የዕጣንና የዝባድ ታሪክ

በአገራችን የወቅቶች አከፋፈል መሠረት መጸው የሚባለው ዘመን መስከረም 26 ቀን ገብቶ ታኅሣሥ 25 ቀን የሚፈጸም ሲሆን፣ ክረምቱ ያጠጣው ምድር አበባውን ከሚያሳይበት ዕለት አንሥቶ ፍሬውን ለአውድማ እስኪያስረክብ ድረስ ያለውን ጊዜ ያጠቃልላል። በዚህ ወቅት የትኛው ሽቶ ይስማማል የሚለው ጥያቄ ዛሬ በከተማ ሱቆች ደጃፍ ብቻ የሚነሣ ቢመስልም፣ ደገኛው ሕዝባችን የብልቃጥ ሽቶ ከባሕር ማዶ ከመምጣቱ አስቀድሞ ለየጊዜው የሚገባውን መዓዛ ለይቶ ሲያውቅና ሲገለገልበት ኖሯል፤ ምርጫውም አየሩን፣ በዓሉንና የቤቱን ጉዳይ አመዛዝኖ የሚደረግ የጥበብ ሥራ እንደ ነበረ የአሪቲ፣ የዕጣንና የዝባድ ታሪክ ይመሰክራል።

ከቤት እንጀምር። ክረምቱ ሲወጣ ሦስት ወር ሙሉ በእርጥበት የታፈነ ልብስ የሻጋታ ጠረን ይዞ ስለሚገኝ፣ የቤቱ እመቤት ነጠላውንና ቀሚሱን ወደ ወንዝ አስወርዳ በእንዶድ ታሳጥባለች፤ በሣር ላይ ተሰጥቶ ፀሐይ ከመታው በኋላም በየዕጥፋቱ መካከል አሪቲና ጠጅ ሳር አኑራ በሣጥን ታስቀምጠዋለች፤ ወይም ከፍሕም ላይ ዕጣንና ብርጉድ ጨምራ ጢሱ በድሩና በማጉ መካከል እስኪሰርጽ ድረስ ታጥነዋለች። ለራስ ጠጉር የሚሆነው ለጋ ቅቤም እንዲሁ መልካም መዓዛ ባላቸው ቅጠሎች ይታሻል፤ ከባለጸጎች ቤት ደግሞ ጥቂት ዝባድ ይጨመርበታል።

በቤተ ክርስቲያንም ይኸው ወቅት የራሱ መዓዛ አለው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው አርባ ቀን ዘመነ ጽጌ ተብሎ የእመቤታችንና የልጇ ስደት የሚታሰብበት በመሆኑ፣ ካህናቱ በየሳምንቱ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ቆመው አባ ጽጌ ድንግል የደረሰውን ማኅሌተ ጽጌ ሲያደርሱ፣ ከጽናው የሚወጣው የዕጣን ጢስ ከሌሊቱ ቅዝቃዜ ጋር ተዋሕዶ ቅጥሩን ሁሉ ያውደዋል።

ይህ ዕጣን ከየት እንደሚመጣ ያወቀ ሰው ወቅቱና መዓዛው ምን ያህል የተሳሰሩ እንደ ሆኑ ያስተውላል። የዕጣን ዛፍ በትግራይ፣ በመተማና በመተከል፣ በተከዜና በዓባይ ሸለቆ ባለው ድንጋያማና ሞቃት ቆላ የሚበቅል ሲሆን፣ ሙጫው የሚለቀመው ዝናሙ ቆሞ አየሩ ከደረቀበት ከጥቅምት ገደማ ጀምሮ ነው፤ ዝናም የነካው ሙጫ ይበላሻልና። ለቃሚው በትንሽ ስለታም መሣሪያ ቅርፊቱን በስሱ ይልጠዋል፤ ወዲያውም ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከተላጠው ሥፍራ ወጥቶ በግንዱ ላይ እየተንጠባጠበ ይረጋል። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ቆይቶ ሲመለስ የጠነከረውን ሙጫ ፈልቅቆ በዕቃው ያጠራቅማል፤ ያንኑ ቁስል ጥቂት አስፍቶም ወደሚቀጥለው ዛፍ ያልፋል፤ ይህንም የበጋው ወራት እስኪያበቃ ድረስ ይደጋግመዋል።

ዕጣን ከቆላ እንደሚመጣ ሁሉ ከጥርኝ የሚገኘው ዝባድ ደግሞ ከእናርያና ከከፋ ጫካማ አገር ይመጣ ነበር። ወንዱ ጥርኝ ከዱር ተይዞ ከእንጨት በተሠራ ጠባብ ጎጆ ይታሰራል፤ ሥጋ እየበላ፣ ቤቱም በእሳት እየሞቀ ይቀመጣል፤ በየዐሥር ቀኑ ገደማም ከጅራቱ ሥር ካለው ከረጢት ቅባቱ በቀንድ ማንኪያ እየተጠረገ በበሬ ቀንድ ይታሸጋል። ነጋድያን ጀበርቲዎች ይህን ቀንድ ከቦንጋና ከሳቃ ተቀብለው፣ ዓባይን ተሻግረው በጎጃም ባሶ ገበያ፣ ከዚያም በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ያደርሱት ነበር። በፓሪስ የሽቶ ሥራ በረቀቀ ጊዜም ጌርላን የተባለው ሽቶ ቤት እ.ኤ.አ. በ1889 ያወጣው ጂኪ፣ ሽቶ ቀማሚው ኤርነስት ቦ እ.ኤ.አ. በ1921 የቀመመው ሻኔል ቁጥር 5፣ ሌሎችም ስመ ጥር ሽቶዎች ዝባድ የገባባቸው ነበሩ፤ ለዓለም ገበያ ከሚቀርበው የተፈጥሮ ዝባድም አብዛኛው ከኢትዮጵያ ይሄድ ነበር። ሌዎፖልድ ሩዚችካ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1926 የዝባድን ዋና ንጥረ ነገር አሠራር ከገለጠ በኋላ ግን በቤተ ሙከራ የተሠራው ምትክ ቀስ በቀስ ገበያውን ወሰደ፤ ሻኔልም እ.ኤ.አ. በ1998 የተፈጥሮውን ዝባድ ተወ። በእስር ለሚኖረው እንስሳ ይህ መልካም ዜና ነው።

ዝባድና ሙጫ በብርድ ወራት የሚመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ቀሊል መዓዛ በሙቀት ቶሎ ተንኖ ይሰማል፤ በቀዝቃዛ አየር ግን ኃይሉ ይደክማል። ዕጣን፣ ከርቤ፣ ሰንደልና ዝባድ ግን ክብደት ስላላቸው፣ በበረሃ ሐሩር ራስ የሚያዞሩትን ያህል በኅዳር ውርጭ ከሰውነት ሙቀት ጋር ቀስ እያሉ ይገለጣሉ፤ አብሯቸው ያለውንም ቀሊል መዓዛ ይዘው ያቆዩታል። ስለዚህ በመስከረም ማለቂያ አሪቲና ጠጅ ሳር፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ሙጫና እንጨት የመረጡ አባቶችና እናቶች ዛሬ ሽቶ ቀማሚዎች የሚያስተምሩትን በልምድ ደርሰውበት ነበር።

መዓዛ የመከራ ጊዜ መጽናኛም ሆኗል። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የጉንፋን ወረርሽኝ በአዲስ አበባ በርትቶ ብዙ ሺህ ሕዝብ ፈጀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ ታመው ለጥቂት ተረፉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፣ ሰው ቤቱንና ደጁን ጠርጎ ጥራጊውን ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን የሚባለው ይህ ነው። በዚያን ዕለት የሚወጣው ጢስ ለጌጥ አይደለም፤ ሙታንን ለማሰብና ደዌን ለማራቅ ሕዝቡ በአንድነት የሚያሳርገው ምልጃ ነው።

እንግዲህ በዚህ ወቅት ሽቶ የሚመርጥ ሰው ወደ ሩቅ ሳይሄድ የሚማርበት ታሪክ አለው። ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ምንጩን መጠበቅ ነው፤ የዕጣን ዛፋችን ዕረፍት ሳያገኝ በየዓመቱ ከልክ በላይ እየቈሰለ፣ ችግኙም በከብትና በሰደድ እሳት እየጠፋ፣ ሽማግሌው ዛፍ ተተኪ ሳይተው ይሞታል። የቁስሉ ቍጥር በዛፉ ውፍረት ልክ ተወስኖ፣ የደከመውም ለጥቂት ዓመታት እንዲያርፍ፣ ጫካውም ከከብት እንዲከለል ቢደረግ፣ መጸው በመጣ ቍጥር የሚመረጥ መዓዛ ለልጆቻችንም ይተርፋል፤ መዓዛን የሚወድ ሁሉ ይህን ግዴታ ከሽቶው ጋር አብሮ ሊቀበል ይገባዋል።