የሚሸጥ መሬት አለ ወይ?

አንድ የድሮ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ሞጣና ቢቸና አካባቢ ባሕር ዛፍ የምተክልበት፣ ቅዳሜና እሁድ የማርፍበት የገጠር መሬት የሚሸጥ አለ?» አለኝ።

ወዳጆቼ፣ ይሄ ጥያቄ ታሪክ አለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የሞጣና የቢቸና ገበሬ ያመፀው ለብሩ ብቻ አልነበረም። «መሬቱ ከተለካ ርስታችን አለቀ» ብሎ ነው። መንግሥት በአውሮፕላን ደበደበው፤ አልተበገረም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሱ።

የ1967ቱ አዋጅ መጣና ሽያጩንም ርስቱንም አንድ ላይ አስቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ገበሬው ያለው የይዞታ ደብተር ነው፤ ማከራየትና ማውረስ ይችላል፣ መሸጥ ግን አይችልም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ በድብቅ የተፈረመ ውል ገንዘብህን ይበላል እንጂ መሬት አይሆንህም። ካማረህ በሕጉ ተከራይ። ያ መሬት ደም የፈሰሰበት ነው።