የእንስሳት ስሞች ኢመደበኛ ብዙ ቁጥር በእንግሊዝኛ ሰዋስው

በእንግሊዝኛ ሰዋስው ከነጠላው ቁጥር ወደ ብዙው ሲታለፍ በስም መጨረሻ «ስ» ወይም «ዝ» የሚል ድምፅ መጨመር የታወቀ ሥርዐት ሲሆን፣ ለዚህ ሥርዐት የማይገዙ ጥቂት ስሞች አሉ፤ ከእነዚህም መካከል ሰው በደጁና በመስኩ ዘወትር የሚያያቸው እንስሳት፣ በግና በሬ፣ ዝይና አይጥ፣ ጥጃና ዓሣ፣ ጎልተው ይገኛሉ። ምክንያቱም ስውር አይደለም። አዘውትሮ የሚነገረውን ቃል ልጅ ከእናቱ አፍ እንደ ሰማው ይዞት ያድጋልና፣ አዲስ ደንብ ሲነሣ አልፎ አልፎ የሚጠሩት ቃላት ፈጥነው ሲገዙለት፣ የዘወትሮቹ ግን የጥንቱን መልክ እንደ ጠበቁ ይኖራሉ። ኢመደበኛ መባላቸውም ከዛሬው ደንብ አንጻር ነው እንጂ በዘመናቸው እነርሱም ደንብ ነበራቸው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃም የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ስለ ደነገገ፣ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ያለ ተማሪ እነዚህን ስሞች በሰንጠረዥ ተደርድረው ያገኛቸዋል፣ በቃሉም ያጠናቸዋል። በሰንጠረዥ ብቻ መቅረታቸው ግን የሚያሳዝን ነው፤ ይህ ተማሪ በቤቱ ከሚሰማው የጉራጌ ልሳን፣ በገበያ ከሚናገረው አማርኛ፣ በቅዳሴ ከሚሰማው ግእዝ ወይም በቁርኣን ቤት ከሚቀራው ዐረብኛ የብዙዎቹን አምሳል አስቀድሞ ያውቃልና።

የመጀመሪያዎቹ በነጠላም በብዙም አንድ መልክ ያላቸው ናቸው። በግ «ሺፕ»፣ አጋዘን «ዲር» ይባላል፤ አንድም ቢሆን መቶም ቢሆን ስሙ አይለወጥም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ግዑዝ ፆታ የነበራቸውና ረጅም ክፍለ ቃል የያዙ ስሞች ለብዙ ቁጥር ምንም መድረሻ አይጨምሩም ነበርና፣ እነዚህ ከዚያ ወገን የተረፉ ናቸው። ይህ ለእንግሊዛዊ ሕፃን እንግዳ ቢመስል ለጉራጌ ልጅ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ ከጉራጌ ልሳናት አንዷ በሆነችው በቸሃና በአጎራባቾቿ ልሳናት አብዛኛው ስም የብዛት ምልክት አይጨምርምና፣ ቦራ ሲባል አንድ በሬም ብዙ በሬም፣ ፈረዝ ሲባል አንድ ፈረስም ብዙ ፈረስም ሊሆን ይችላል፤ ብዛቱን የሚገልጠው ግሡ ወይም ቁጥሩ ነው። አማርኛም ቢሆን «-ኦች» የሚል መድረሻ እያለው፣ ለመስቀል ወይም ለዐረፋ ከብት የሚገዛ ሰው «ሦስት በግ»፣ «ሁለት በሬ» ይላል እንጂ ቁጥሩ አስቀድሞ የተናገረውን በስሙ ላይ አይደግመውም። ተማሪው «ሺፕስ» ብሎ የሚሳሳተው የገዛ ቋንቋውን ልማድ ትቶ የእንግሊዝኛውን ደንብ ከልክ በላይ ስላመነው ነው፤ ስሕተቱም የአናባቢ እጥረትና ርዝመት በፊደላችን ስለማይለይ ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ አጥሮ የተነገረው «ሺፕስ» መርከቦች ማለት ነውና። ዓሣ የሚባለው «ፊሽ»ም በተለመደው አነጋገር አይለወጥም፤ ስለ ልዩ ልዩ የዓሣ ዘር ሲነገር ግን «ፊሽዝ» ይባላል። አዳኞችም በሌላ ጊዜ መድረሻ የሚጨምሩበትን የዝሆንና የአንበሳ ስም በአደን ወግ ሳይለውጡ ይጠሩታል።

ሁለተኛዎቹ ውስጣቸው የሚለወጥ ናቸው፤ ዝይ «ጉስ»፣ ዝዮች «ጊስ»፤ አይጥ «ማውስ»፣ አይጦች «ማይስ»፤ ቅማል «ላውስ»፣ ቅማሎች «ላይስ»። እንግሊዝኛ ገና በጽሕፈት ሳይገለጥ የእነዚህ ስሞች ብዙ ቁጥር በመጨረሻው «ኢ» የሚል ድምፅ ነበረው፤ ምላስ ወደዚያ ድምፅ ስትሰናዳ የመካከሉን አናባቢ ወደ ፊት ሳበችው፤ ከዚያ በኋላ መድረሻው ጠፍቶ የሳበው አናባቢ ብቻ ቀረ። በግእዝ አንበሳ አናብስት፣ ነምር አናምርት፣ ፈረስ አፍራስ፣ በግዕ አባግዕ፣ ዖፍ አዕዋፍ፣ አርዌ አራዊት ሲሆን የሰማ ጆሮ ይህን ዐይነቱን ለውጥ ያውቀዋል፤ ዐረብኛም ፈረስን ፈረስ፣ ፈረሶችን አፍራስ ይላል፤ 6ኛው የቁርኣን ሱራ የሚጠራበት አል-አንዓም የሚለው ስምም የእንስሳት ብዙ ቁጥር ነው። ነገር ግን መልካቸው ቢመሳሰልም ሥራቸው አንድ አይደለም። በሴማውያን ልሳናት ተነባቢዎቹ እንደ ዐምድ ቆመው አናባቢዎቹ በመካከላቸው ቁጥርን ይለውጣሉ፤ ይህም የቋንቋው ዋና ጥበብ ነው። በእንግሊዝኛ ግን የድምፅ አጋጣሚ ያስቀረው ቅሬታ ነውና ወደ ሌላ ስም አይተላለፍም። ስለዚህም ፋሮ የመሰለው አውሬ ስም «መንጉስ»፣ ከህንድ አገር ከማራቲ ቋንቋ የመጣ ስለ ሆነ፣ መጨረሻው ዝይን ቢመስልም ብዙው «መንጉስዝ» ነው፤ «ሙስ» የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ታላቅ አጋዘንም ስሙ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የተወሰደ ነውና «ሚስ» አይሆንም።

ጥጃ «ካፍ» ሲበዛ «ካቭዝ»፣ ተኵላ «ዉልፍ» ሲበዛ «ዉልቭዝ» መሆኑ ቀላል ነገር ነው፤ በሁለት ነዛሪ ድምፆች፣ ማለትም በአናባቢዎች ወይም እንደ «ል» ባለ ድምፅና በአናባቢ መካከል የገባ «ፍ» በጥንት ጊዜ «ቭ» ተብሎ ይነገር ነበርና።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባሉ የሚገባቸው የበሬና የላም ስሞች ናቸው። በሬ «ኦክስ»፣ በሬዎች «ኦክስን» ይባላሉ። ይህ «-ን» በጥንት ዘመን እጅግ ብዙ ስሞች ይበዙበት የነበረ መድረሻ ነው፤ ኖርማኖች እንግሊዝን በ1066 እ.ኤ.አ. ከያዙ በኋላ በነበሩት ምእት ዓመታት «ስ» እየሰፋ ስፍራውን ወሰደበት፣ እርሱም ከእንስሳት ስም በበሬ ላይ ብቻ ተወስኖ ቀረ። ላም በጥንታዊው እንግሊዝኛ በውስጥ ለውጥ ትበዛ ነበር፤ በኋላ ግን ተናጋሪዎች የውስጡ ለውጥ ብዛት መሆኑን ስለ ዘነጉት ይህንኑ «-ን» ደርበውበት «ካይን» አሉት፤ በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስም ፈርዖን በሕልሙ ያያቸውን ላሞች በዚሁ ቃል ይጠራቸዋል። ይህ የብዙ ብዙ ነው። የእኛም ሰው አራዊትን «አራዊቶች»፣ እንስሳትን «እንስሳቶች» ሲል የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ መምህሩ ቢያርመው ይገባዋል፣ ግን እንደ ድንቍርና ባይቈጥረው መልካም ነው፤ የግእዙ ብዛት በአማርኛ ጆሮ ውስጥ እየደበዘዘ ስለ ሄደ፣ ተናጋሪው የሚያውቀውን ምልክት ጨመረበት። ዛሬ እንግሊዞች ላሞችን በመደበኛው ደንብ «ካውዝ» ይላሉ፣ «ካይን»ም ከአሮጌው መጽሐፍና ከቅኔ አይወጣም፤ በአማርኛ ግን አናብስትና አንበሶች እስካሁን ጎን ለጎን ይነገራሉ።